ዋጋ ያልወጣለት ሀብት፦ ስለ አፈር፣ ስለ ኩበትና ስለ ግጦሽ የኤኮኖሚ ማብራሪያ

ዝናም ሲቀር ድርቅ ይሆናል፤ ድርቅ ሁሉ ግን ረሀብ አይሆንም። ዝናሙ በአንድ ወረዳ ውስጥ በእኩል መጠን ቀርቶ ሳለ፣ የአንዱ ቀበሌ ሕዝብ የጎተራውን እህል እየቆጠበ፣ የጓሮውን ዛፍ እየሸጠ ክፉውን ጊዜ ሲሻገር፣ የጎረቤቱ ቀበሌ ሕዝብ ገና በሁለተኛው ወር ወደ እህል ማደያ ጣቢያ መጓዝ እንደሚጀምር በእርዳታ ሥራ ላይ የቆየ ሁሉ ያውቀዋል። የዚህ ልዩነት ምክንያቱ ብዙ ነው። ከዋነኞቹ አንዱ ግን የመሬቱ ስንቅ አስቀድሞ ማለቁ ነው። አፈሩ ሳስቶ ውሃ መያዝ ያቃተው ማሳ፣ ደኅና ዝናም በጣለበት ዓመት እንኳ የሚሰጠው ምርት ከእጅ ወደ አፍ ነውና ለክፉ ቀን የሚተርፍ ነገር አይኖረውም።

የአካባቢ ኤኮኖሚ ተብሎ በዩኒቨርስቲ ለጀማሪ ተማሪዎች የሚሰጠው ትምህርት የሚመረምረው ይህንኑ የስንቅ ሂሳብ ነው። ትምህርቱ በቀመርና በሥዕላዊ መግለጫ የተሞላ በመሆኑ ለመስክ ሠራተኛ የራቀ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ መሠረታዊ ሐሳቦቹ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹንም የወረዳ ባለሥልጣኖችና የእርዳታ ሠራተኞች ስም ሳያወጡላቸው በየዕለቱ ይጋፈጧቸዋል። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሐሳቦች ከአገራችን ደጋማ መሬት በተወሰዱ ምሳሌዎች ለማብራራት እንሞክራለን።

ምርቱ ይቆጠራል፣ አፈሩ አይቆጠርም

አንድ ነጋዴ በሱቁ ያለውን ዕቃ ሁሉ ሸጦ፣ የሽያጩን ገንዘብ በሙሉ ትርፍ ነው ብሎ ቢበላው፣ በሚቀጥለው ዓመት መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። ገቢና ዋና ገንዘብ የተለያዩ መሆናቸውን ማንም ነጋዴ ያውቃል። የአገር ሂሳብ ግን ለረጅም ዘመን ሲያዝ የኖረው በዚህ ጥንቃቄ አይደለም። ከማሳ የተሰበሰበው እህል በአገር ገቢ ላይ ይደመራል፤ እህሉን ለማምረት በጎርፍ የተወሰደው አፈር አይቀነስም። ደን ተቆርጦ ሲሸጥ ሽያጩ ገቢ ተብሎ ይመዘገባል፤ የደኑ መጥፋት በየትኛውም ዓምድ አይታይም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የተፈጥሮ ሀብትን ከኤኮኖሚ ሂሳብ ጋር አያይዞ የሚመዘግብ ወጥ ሥርዓት ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

ይህ ጉድለት ከገበያም ይመነጫል። በከተማ ገበያ የሚሸጠውን አንድ ሸክም እንጨት እንመልከት። ገዢው የሚከፍለው ዋጋ የቆራጩንና የተሸካሚዋን ድካም፣ ቢበዛም የመንገዱን ቀረጥ የሚሸፍን ነው። እንጨቱ ከማንም ካልተከለ ጫካ የተገኘ ከሆነ ዛፉ ለማደግ የፈጀው ዘመን፣ ሥሩ አቅፎ የያዘው አፈርና ከሥሩ የሚመነጨው ምንጭ በዋጋው ውስጥ አልገቡም። ዋጋ ያልወጣለት ነገር ደግሞ እንደማያልቅ ተቆጥሮ ይባክናል።

የአፈሩ ብክነት ምን ያህል ነው? የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ከእርሻ ሚኒስቴር ጋር ሆኖ ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1986 የቀረበው የኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ጥናት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ከፍ ከሚለው መሬት በየዓመቱ ወደ 1.9 ቢሊዮን ቶን የሚጠጋ አፈር ከቦታው እንደሚነሣ ገምቷል። ከዚያ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1981 ከስዊስ የበርን ዩኒቨርስቲ ጋር በተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም አማካይነት፣ በወሎ ማይባር፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በሸዋ አንዲት ጢድና በሌሎችም ጣቢያዎች የአፈር መታጠብ በመሣሪያ ሲለካ ቆይቷል። የፕሮግራሙ መሪ የነበሩት ሐንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ስሌት መሠረት፣ ከታረሰ መሬት ላይ በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር በየዓመቱ ይታጠባል።

42 ቶን ሲባል ለጆሮ ይከብዳል፤ በዓይን ግን አይታይም። አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አፈር በአንድ ሄክታር ላይ 12 ቶን ያህል ስለሚመዝን፣ በዓመት የሚታጠበው ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። ገበሬው ከአንዱ ክረምት እስከ ሌላው ክረምት ልዩነቱን አያስተውለውም። ማሳውን ከአባቱ ተረክቦ 25 ዓመት አርሶ ለልጁ ሲያስረክብ ግን 9 ሳንቲሜትር ያህል አፈር ሄዷል። የታጠበው የላይኛው ለም አፈር ነውና የቀረው ከሄደው ጋር እኩል አይደለም።

የኩበት ሂሳብ

ከአፈር መታጠብ ይልቅ ጎልቶ የማይታየው፣ በዓመታዊ ኪሳራው ግን የሚበልጠው የኩበት ጉዳይ ነው። በዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን፤ ምክንያቱም የአካባቢ ኤኮኖሚ ዋና ዋና ሐሳቦች ሁሉ በአንዲት እናት ምድጃ ዙሪያ ተሰብስበው ይገኛሉ።

እበት ለመሬት ፍግ ነው፤ ሲደርቅም ማገዶ ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መሆን አይችልም። አንድ ነገር ለአንድ ጥቅም ሲውል የሚቀረውን ሌላ ጥቅም የኤኮኖሚ ሊቃውንት የአማራጭ ዋጋ ብለው ይጠሩታል። እንጀራ ለመጋገር የነደደ ኩበት በገንዘብ አልተገዛም፤ ስለዚህ ነፃ ይመስላል። የአማራጭ ዋጋው ግን በማሳው ላይ ሳይበቅል የቀረው እህል ነው። ይዘቱ ከብቶቹ እንደሚበሉት መኖ ቢለያይም፣ አንድ ቶን ደረቅ እበት 15 ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን ይይዛል። አንድ ኩንታል ዩሪያ ማዳበሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። እንግዲህ አንድ ቶን ኩበት ያነደደ ቤተሰብ የአንድ ኩንታል ዩሪያ አንድ ሦስተኛ የሚያህል ናይትሮጅን በጢስ አወጣ ማለት ነው። ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ አመዱ ግን የሚደፋው በቤቱ ዙሪያ እንጂ ራቅ ብሎ ባለው ማሳ ላይ አይደለም። በደጋ አገር የጓሮው ጎመንና ድንች ለምልሞ፣ ከጓሮው አልፎ ያለው ገብስ የሚኮሰምንበት ምክንያት በከፊል ይኸው ነው። የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ በናረበት በ2014 ዓ.ም.፣ አንድ ሦስተኛ ኩንታል ማለት ለገበሬው ምን ያህል እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

የዓለም ባንክ ባልደረባ የነበሩት ኬኔት ኒውኮም እ.ኤ.አ. በ1984 ባቀረቡት ጥናት ይህን ሂደት በደረጃ አስቀምጠውታል። በመጀመሪያ ሕዝቡ የሚለቅመው እንጨት ደኑ በዓመት ከሚያበቅለው ይበልጣል። ቀጥሎም እንጨቱ ሲርቅ ኩበትና አገዳ ወደ ምድጃ ይገባሉ። ከዚያም ኩበቱ ወደ ከተማ ገበያ መሄድ ይጀምራል። ፍግ ያጣው ማሳ ምርቱ ሲቀንስ፣ ገበሬው ጉድለቱን ለመሙላት ዳገቱን ያርሳል፤ የግጦሽ መሬቱ ሲጠብ ከብቱ ይመነምናል፤ ከብቱ ሲያንስ እበቱም፣ የእርሻው ጉልበትም ያንሳል። በመጨረሻ የሚቀረው መሰደድ ነው። ኒውኮም የሚነደው ኩበት ወደ ማሳ ቢመለስ የአገሪቱን ዓመታዊ የእህል ምርት ከአንድ እስከ አንድ ሚሊዮን ተኩል ቶን ሊጨምር እንደሚችል ገምተው ነበር። ይህ አሐዝ ያን ጊዜ በእርዳታ ይገባ ከነበረው እህል ጋር ተነጻጽሮ ብዙ አነጋግሯል።

ከዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚገባን ነገር አለ። ብዙ የቅስቀሳ ጽሑፎች ኩበት የምታነድን እናት እንዳላወቀች አድርገው ያቀርባሉ። ይህ ትክክል አይደለም። እንጨቱ የሚገኘው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ከሆነና ኩበቱ በግቢዋ ካለ፣ ኩበቱን ማንደዷ የጉልበቷን ዋጋ አስልታ የወሰነችው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የቤቱ እህል ሲሟጠጥ ጥቂት ኩበት ለከተማ ሸጣ ጨውና ዘይት መግዛቷም እንደዚሁ። ፍጉ የሚያስገኘው እህል የሚደርሰው ኅዳር ነው፤ ቤተሰቡ የሚበላው ግን ዛሬ ማታ ነው። ስለሆነም በቅስቀሳ ብቻ የሚለወጥ ነገር የለም። ለውጥ የሚመጣው ሌላው ማገዶ ከኩበቱ ሲረክስ ነው፤ ይኸውም በቤቱ አጠገብ ዛፍ ሲበቅል፣ ወይም ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ሲገኝ ማለት ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር አቃልሏል፤ ከተማይቱንም ከመዛወር እንዳዳናት ይነገርለታል። አጠገቡ ያለውን ሰብል እርጥበት እንደሚሻማና በሥሩ ብዙ ነገር እንደማያበቅል የእርሻ ባለሙያዎች ይነቅፉታል፤ ነቀፌታውም እውነትነት አለው። ገበሬው ግን እንዲህ እየተባለም መትከሉን አልተወም። በፍጥነት ያድጋል፣ ሲቆረጥ ያቆጠቁጣል፣ ከብት አይበላውም፣ በክፉ ዓመትም ለአጣና ይሸጣል። በባንክ ያልተቀመጠ ቁጠባ ነው። የሚነቅፉት ባለሙያዎች እነዚህን አራት ጠባዮች አንድ ላይ የያዘ አገር በቀል ዛፍ ለገበሬው እስኪያቀርቡለት ድረስ ክርክሩን የሚረቱ አይመስለንም።

የአሐዞችን ነገር ካነሣን ዘንድ አንድ እርማት መጨመር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1986 የቀረበው ጥናት ትኩረቱ በአፈር መታጠብ ላይ ነበር። ሆኖም ጥናቱ ራሱ እንደገለጸው፣ ከተነሣው አፈር ውስጥ በወንዞች ተወስዶ የማይመለሰው አንድ አሥረኛው ገደማ ሲሆን፣ የቀረው ዝቅ ብሎ ባለ ማሳ፣ በግጦሽ መሬትና በሸለቆ ውስጥ ያርፋል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጉዳዩን እንደገና የመረመሩት ሳትክሊፍ፣ ቀጥሎም ለዓለም ባንክ ያጠኑት ቦዮና ካስልስ፣ በየማሳው የታጠበውን ሁሉ አገር ያጣችው አድርጎ መደመር ኪሳራውን እንደሚያገንነው አመልክተዋል። በአንጻሩ ኩበትና ገለባ ከማሳ በመወሰዳቸው የሚጠፋው ንጥረ ነገር በየዓመቱ ከሚደርሰው ጉዳት የሚበልጠውን ድርሻ እንደሚይዝ አሳይተዋል። ይህ የአፈር ጥበቃን አላስፈላጊ አያደርገውም። ነገር ግን የአንድ ወረዳ በጀት ሁሉ ለእርከን ውሎ ለማገዶ አንዲት ሳንቲም ካልተመደበ፣ ሂሳቡ በግማሽ ብቻ ተሠርቷል።

ወጪው በማን ላይ ይወድቃል?

በላይኛው ዳገት የሚኖር ገበሬ ቁልቁለቱን ሲያርስ፣ ትርፉን እርሱ ይሰበስባል፤ ደለሉንና ጎርፉን ግን በታች ያለው ጎረቤቱ ይቀበላል። ከአድራጊው አልፎ በሌላ ሰው ላይ የሚወድቀውን ይህን ዓይነት ወጪ እንግሊዛዊው የኤኮኖሚ ሊቅ አርተር ፒጉ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው መርምረውታል። መፍትሔያቸውም ወጪውን በሌላው ላይ የሚጥል ሰው በዚያው መጠን ግብር ይክፈል የሚል ነበር።

በአዋሽ ወንዝ ላይ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ የውሃ መያዣው በከፊል በደለል ተሞልቷል። በሱዳን እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራው የሮሴሬስ ግድብም ከዓባይ በሚወርደው ደለል ምክንያት ውሃ የመያዝ አቅሙን ከአንድ ሦስተኛ በላይ አጥቶ ነበር፤ የግድቡን ከፍታ የመጨመሩ ሥራ ተጠናቆ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የጎጃምና የወሎ አፈር ለዚያ ሁሉ ዘመን ወጪውን ያስከተለው በድንበር ማዶ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ግን ይህን ሂሳብ ለውጦታል። ከእንግዲህ የዓባይ ተፋሰስ ደለል አስቀድሞ የሚያርፈው በራሳችን ግድብ ውስጥ ነው። ለሌላው ሲተላለፍ የነበረው ወጪ ወደ ባለቤቱ ቤት ተመልሷልና፣ በላይኛው ተፋሰስ ለሚሠራ እርከንና ለሚተከል ዛፍ ገንዘብ የሚያወጣበት የራሱ ምክንያት ያለው ተቋም በአገር ውስጥ ተገኝቷል ማለት ነው።

የፒጉ ግብር በዚህ ላይ እንዴት ይሠራል? በዳገት ላይ ግማሽ ሄክታር የሚያርስ፣ ከዓመቱ ሦስት ወር በእርዳታ የሚኖርን ገበሬ ግብር መጣል አይቻልም፤ ቢቻልም ፍትሕ አይደለም። ስለዚህ ነገሩ ይገለበጣል፤ ተጠቃሚው ለጠባቂው ይከፍላል። በወላይታ ሁምቦ ተራራ 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ተከልሎ፣ ከመሬት በታች ሕያው ሆነው የቀሩት ጉቶዎች በመግረዝና በመንከባከብ እንደገና ደን ሆነዋል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም አቀፉ የካርቦን ንግድ ሥርዓት ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክ ፈንድም ደኑ ከአየር ለሚስበው ካርቦን ደኑን ለሚጠብቁት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይከፍል ጀመር። ክፍያው ከፍተኛ ባይሆንም፣ ዳገቱ ለጎረቤትና ለዓለም የሚሰጠው አገልግሎት ለመጀመሪያ ጊዜ በደረሰኝ ላይ ታይቷል።

ስለ ጋራ ግጦሽ

እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን ባቀረቡት ዝነኛ ጽሑፍ፣ ሁሉም የሚያግጡበት መስክ መጥፋቱ የማይቀር ነው ብለው ነበር። እያንዳንዱ ባለ ከብት አንዲት ላም ሲጨምር ጥቅሙ ለራሱ፣ የግጦሹ ጉዳት ግን ለሁሉም ስለሚሆን፣ ማንም ከመጨመር አይቆጠብም። በዚህ አስተያየት መሠረት መፍትሔው ወይ ለግለሰብ ማካፈል፣ ወይ በመንግሥት መያዝ ነው።

የመንዝ ጓሳ ታሪክ ግን ሌላ ያሳያል። በሰሜን ሸዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኘው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ይህ መስክ፣ ከ17ኛው ምእተ ዓመት ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። የአቅኚ አባቶች ዘር የሆኑት ባለ አጽመ ርስቶች ኃላፊ መርጠው፣ ጓሳውን ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጉት ነበር። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነውን ያጭዳል፣ ከብቱንም ያግጣል፤ ከዚያም እንደገና ይዘጋል። ያለ ጊዜው የገባ ይቀጣል። ይህ መስክ የጋራ ነበር፤ ባለቤት አልባ ግን አልነበረም።

የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ርስትን ሲሽር የቄሮን ሥርዓትም አብሮ አፈረሰ። እውነቱን ለመናገር ሥርዓቱ ፍጹም አልነበረም፤ የአቅኚ ዘር ያልሆኑትን ሁሉ ያገለለ ነበርና፣ አዲሱ አዋጅ ለነዚህ ሰዎች መብት ሰጥቷል። ጠባቂው ግን አብሮ በመሄዱ ጓሳው ለጥቂት ዓመታት ከልክ በላይ ታጨደ፣ ተጋጠም። ሕዝቡ ቆይቶ በገበሬ ማኅበራቱ አማካይነት አዲስ የጥበቃ ደንብ አበጀ፤ መስኩም ከጊዜ በኋላ በክልሉ መንግሥት ዘንድ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ተብሎ ታውቋል። አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም ከስዊስ ተራሮች እስከ ጃፓን መንደሮች እንዲህ ያሉ ሥርዓቶችን ሰብስበው በማጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 መጽሐፍ አሳትመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በኤኮኖሚ ትምህርት የኖቤል ሽልማት ያገኙትም በዚሁ የሥራ መስክ ነው። ወሰኑ የታወቀ፣ ተጠቃሚው የታወቀ፣ ደንቡን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ያወጡትና የሚቆጣጠሩት የጋራ ሀብት ለዘመናት ሊቆይ እንደሚችል አረጋግጠዋል። አዲስ ክልል ለማቋቋም የሚሄድ ባለሙያ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ በዚያ ቦታ ቀድሞ ማን ይጠብቅ እንደነበር ነው።

የእርከኖቹ ዕድል

ከ1966 እና ከ1977 ዓ.ም. ረሀቦች መካከልና በኋላ በወሎ፣ በትግራይ፣ በሸዋና በሐረርጌ የተሠራው እርከን፣ በአፍሪካ ከታዩት ታላላቅ የአፈር ጥበቃ ዘመቻዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1988 ባለው ጊዜ ውስጥ 800,000 ኪሎሜትር የአፈርና የድንጋይ እርከን በ350,000 ሄክታር የእርሻ መሬት ላይ እንደተሠራ፣ 600,000 ሄክታር ዳገታማ ቦታም ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ እንደተከለለ ተመዝግቧል። አብዛኛው የተሠራው በምግብ ለሥራ ነው፤ ለአንድ የሥራ ቀን 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት ይከፈል ነበር።

በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኤኮኖሚ ፖሊሲ ታውጆ፣ በዓመቱም መንግሥት ሲለወጥ፣ ገበሬዎች ብዙውን እርከን አፍርሰው አረሱት፤ የቀበሌውን ደን ቆረጡት፤ ክልሉንም ለከብት ከፈቱት። ይህን በቂም ወይም በድንቁርና ማሳበብ ቀላል ነው። የኤኮኖሚ ተማሪ ግን ሂሳቡን ይጠይቃል። እርከን ከማሳው ከአሥር እጅ አንዱን አንዳንዴም ሁለቱን ይወስዳል፤ ጥማድ በሬ ለማዞር ያስቸግራል፤ በካቡ ውስጥ አይጥ ይራባል። ዝናም በሚበዛበት አገር ደግሞ ማሳውን ውሃ ያስተኛበታል። ጥቅሙ በደረቅ ወረዳ ቶሎ ይታያል፤ በእርጥብ ወረዳ ግን ብዙ ዓመት ይፈጃል።

ገበሬው ይህን ጥቅም እስኪያገኝ መጠበቅ ይችላል ወይ? ከ10 ዓመት በኋላ የሚገኝ 100 ብር፣ በዓመት 5 በመቶ እየተቀነሰ ሲታሰብ ዛሬ 61 ብር ያህል ዋጋ አለው። የመንግሥት እቅድ አውጪ የሚያስበው እንዲህ ነው። ከአራጣ አበዳሪ ወስዶ በዓመት 50 በመቶ ለሚከፍል ገበሬ ግን ያው የ10 ዓመቱ 100 ብር ዛሬ ሁለት ብር እንኳ አይሞላለትም። ሁለቱ ሰዎች በአንድ እርከን ላይ ቆመው የተለያየ ነገር የሚያዩት ለዚህ ነው። በዚህ ላይ መሬቱ በየጊዜው እየተለካ ሲከፋፈል ከቆየ፣ ዛሬ የካበው ካብ ነገ የማን እንደሚሆን አያውቅም። ደኑም የቀበሌው እየተባለ የተተከለ በመሆኑ የመቁረጥ መብቱ የማን እንደሆነ ግልጽ አልነበረም። ከሁሉም በላይ፣ ለገበሬው 3 ኪሎው እህል የሥራው ዋጋ ሲሆን፣ እርከኑ ግን የአሠሪው ንብረት ሆኖ ታይቷል። ሲሰበርም ጠጋኙ አሠሪው ነው ብሎ ጠበቀ።

ከዚህ ጋር የኮንሶን እርከን ማነጻጸር ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ይህ የድንጋይ ሥራ ከ400 ዓመት በላይ፣ ለ21 ትውልድ ቆይቷል። የእህል ክፍያ አልነበረውም። አገሩ ደረቅ ነውና ውሃ ያልያዘ ማሳ ከናካቴው አያበቅልም፤ ጥቅሙ በዚያው ዓመት ይታያል። ማሳው ለልጅ ይወርሳል፤ ካቡ የፈረሰበትን የሚያግዝ የሥራ ማኅበርም አለ። በሌሎች ክልሎችም ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፣ ቀጥሎ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ገበሬዎች በማሳቸው ላይ የሚያካሂዱትን የአፈር ጥበቃ ሥራ እንዳሳደገ የተደረጉ ጥናቶች አመልክተዋል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም የሕዝብ ሥራውን በተፋሰስ እቅድና በነዋሪው ምርጫ እንዲመራ ያደረገው ካለፈው ተምሮ ነው። ያም ሆኖ የየወረዳው ሪፖርት አሁንም የሚቆጥረው በዓመቱ የተሠራውን ኪሎሜትር ነው። አምና ከተሠራው ውስጥ ዘንድሮ የቆመው ስንት ነው የሚል ዓምድ ቢጨመርበት፣ ብዙ ማብራሪያ ባላስፈለገ ነበር።

ባዶ የተባለው መሬት

ሠፈራ የአካባቢ ኤኮኖሚን ትምህርት ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚፈትን ሥራ ነው። ከኅዳር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ውስጥ 600,000 ያህል ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጋምቤላ፣ ከፋና መተከል ተወሰደ። ብዙዎች በግዳጅ የሄዱ ሲሆን፣ በጉዞና በሠፈራ ጣቢያ በበሽታ ያለቁትም ጥቂት አይደሉም። ይህ በራሱ ከማናቸውም የኤኮኖሚ ሂሳብ በፊት የሚመጣ ጉዳይ ነው። ሂሳቡም ቢሆን ግን ከመነሻው የተሳሳተ ነበር፤ መሬቱ ባዶ ነው፣ ስለዚህ ዋጋ የለውም ተብሎ ነበርና።

በመተከል የጉሙዝ ሕዝብ አንድን መሬት ጥቂት ዓመት አርሶ እንዲያገግም ለብዙ ዓመት ይተወዋል። በዚያ ጊዜ ያደናል፣ ማር ይቆርጣል፣ የዱር ሥራሥርና ፍሬ ይለቅማል። የሚያርፈው መሬት ለመጪው ዘመን የተቀመጠ ስንቅ ነው። ከደጋ ለሄደ ቀያሽ ግን ጫካ ብቻ ሆኖ ታየው። በፓዊ ደኑ ለእርሻ ሲመነጠር፣ ለጎጆና ለማገዶም ሲቆረጥ፣ ነባሩ ነዋሪ ስንቁን አጣ፤ በሁለቱ ወገኖች መካከልም ደም ያፋሰሰ ግጭት ተነሣ። ሠፋሪውም ከደጋ የለመደው ሀብት አልተከተለውም። የቆላ ዝንብ በሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ ምክንያት በሬ ማቆየት አስቸጋሪ ስለነበር እርሻው በትራክተር ተሠራ፤ የትራክተሩ ነዳጅና መለዋወጫ፣ የወባው መድኃኒትም በነፃው መሬት ዋጋ ላይ አልተደመረም። ዕርዳታው ሲቀንስ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ተፈላጊ ሆነ።

በ1995 ዓ.ም. 2.2 ሚሊዮን ሕዝብ በሦስት ዓመት ውስጥ ለማስፈር የወጣው እቅድ ሠፈራው በፈቃድ፣ በዚያው ክልል ውስጥ፣ ከነባሩ ነዋሪም ጋር በመመካከር እንዲሆን የሚል መመሪያ ነበረው። መመሪያው ከፊተኛው የተሻለ ነው። በአፈጻጸም ግን ሠፋሪ ቤተሰብ በዓመት ስንት ሸክም ማገዶ እንደሚፈልግ፣ ያም ከየትኛው ደን እንደሚወጣ፣ ደኑን እስከዚያ ቀን ማን ሲጠቀምበት እንደኖረ ቦታው ከመመረጡ በፊት መጽሐፍ ይገባዋል። እነዚህን ለመሙላት የሚያስፈልገው የሁለት ሳምንት የመስክ ቆይታና ከነባሩ አገር ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ መነጋገር ነው።

ሌላው ሂሳብ ከወጡበት አገር ይገኛል። ለ1977ቱ ሠፈራ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ፣ ሕዝቡ ሲነሣ የተጎሳቆለው የሰሜን መሬት ያርፋል የሚል ነበር። የተለቀቀው ማሳ ግን መሬት ለጠበባቸው ለቀሩት ነዋሪዎች ተከፋፈለ፤ እነርሱም አረሱት። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በተደረገበት ወቅት ከሠፈራ ጣቢያዎች በእግር የተመለሱት ብዙ ቤተሰቦች የደረሱት በሌላ ሰው ወደሚታረስ ማሳ ነበር። ከነዚህ አንዳንዶቹ በዘመድ ቤት ተጠግተው የቀን ሥራ ሲጀምሩ፣ ሌሎቹ ማንም ያላረሰው ዳገት ላይ ወጥተው መነጠሩ።